ፊታውራሪ ገብርዬና የእሮጌ ሙታን



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ወረታ ከተማ ይደርሳል። በወረታ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው የርብን ወንዝ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ያቀናል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላው እየተወ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከደብረ ታቦር አልፎ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ይወርዳል። ዛሬ በመኪና የሚሄድበት ሰው ምናልባት ልብ አይለው ይሆናል እንጂ፥ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለው ጉዞ በብዙ ቦታ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉበትን አቅጣጫ የሚከተል ነው።

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ አይደለም። የእሳቸው ታሪክ ተጽፏል፥ ተተርኳል፥ በመድረክም ታይቷል። የምናነሣው በዚያ ጉዞ ከፊታቸው ስለ ቀደመውና በእሮጌ ሜዳ ላይ ስለ ወደቀው ወታደር ስለ ፊታውራሪ ገብርዬ፥ ከእሳቸውም ጋር ስለ ሞቱት ብዙ ሰዎች ነው። እግረ መንገዳችንንም፥ በጦርነት የሞተ ወታደር እንዴት ሊታሰብ ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ እንመረምራለን። ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የፎገራን ሜዳ አስቀድሞ ያየ ሰው ቀላል እንዳልሆነ ይረዳዋል።

ፎገራ በጣና ሐይቅ ምሥራቅ የተንጣለለ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን ይዘውት የሚመጡትን ደለል በክረምት ሲሞሉ ያለብሱታል፤ ውሃው ሲጎድል የሚቀረው ጥቁር አፈር እህል አብቃይ፥ ሣር አብቃይ ነው። የፎገራ ከብት በወተቱና በአካሉ ግዝፈት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሩዝ እርሻ ከገባበት ወዲህ ደግሞ ሜዳው የሩዝ አገር ሆኗል። እንዲህ ያለው ምድር ለባለቤቱ በረከት ነው፤ በጦርነት ዘመን ግን ያው በረከት መከራ ይጠራል። በድሮ ጊዜ ሠራዊት ስንቁን ከኋላው የሚያመጣለት ሹም አልነበረውምና የሚበላው በሰፈረበት አገር ነበር። ከሜዳው በላይ በከፍታው ላይ ያለችው ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች መቀመጫ፥ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ሰፈር ስለ ነበረች፥ በዙሪያዋ ያለው የበጌምድር ገበሬ ጎተራውን ለወታደር መክፈት የለመደ ነበር።

የቋራው ካሣ የተነሡት ይህን የመሰለውን ሥርዓት ለመለወጥ ነው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ካደረጉ በኋላ፥ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከነገሡም በኋላ ካሰቧቸው ታላላቅ ነገሮች አንደኛው ስለ ወታደር ነበር። በየመኳንንቱ ስም ይከተት የነበረውን ጦር ወደ አንድ ለማምጣት ከልዩ ልዩ አገር የመጣውን ሰው ቀላቅለው በአንድ ክፍል አሰለፉት፤ የሃምሳ አለቃ፥ የመቶ አለቃ፥ የሺ አለቃ የሚሉ ማዕርጎችንም አወጡ። ወታደሩ ደመወዝ እየተቈረጠለት ከገበሬው ላይ እጁን እንዲያነሣ ፈለጉ። ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ የሄደ ነበር።

ፊታውራሪ ገብርዬ የዚህ አዲስ ሥርዓት ሰው ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ከጌታቸው ታሪክ ጋር እንደ ገመድ የተፈተለ ስለ ሆነ አንዱን ከሌላው ለይቶ መናገር አይቻልም። ፊታውራሪነት ምን እንደ ነበረ መናገር ግን ሰውየውን ለማወቅ ይረዳል። ቃሉ ራሱ እንደሚያስረዳው ፊታውራሪ ማለት ጦሩን ከፊት ሆኖ የሚመራ ነው። ቀኝ አዝማች በቀኝ፥ ግራ አዝማች በግራ፥ ደጀን በኋላ ሲሆኑ፥ ፊታውራሪው ከንጉሡ ቀድሞ ይጓዛል፤ መንገዱን ይመረምራል፤ ውሃና ግጦሽ ያለበትን ሰፈር ይመርጣል፤ የእሱ ድንኳን የተተከለበትን አይቶ ሠራዊቱ ይሰፍራል። ጦርነት ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያውን ጥይት የሚቀበለው እሱ ነው። ስለዚህ ንጉሥ ለዚህ ሹመት የሚመርጠው ሰው ዐይኑንና ደረቱን የሚያምንለትን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እጅግ ተጠራጣሪ በሆኑበት፥ ብዙ መኳንንትም በሸሹበትና በታሰሩበት በመጨረሻው ዘመን ገብርዬ በዚህ ስፍራ ጸንተው መገኘታቸው ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል።

የመጨረሻው ዘመን እንዴት እንደ መጣ በአጭሩ እንመልከት። ደመወዝ የሚከፈለው ጦር ገንዘብ ያሻዋል፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፥ የቀረው መሬት ለገባር ይሰጥ ባሉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። በየአውራጃው ሽፍታ ተነሣ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በሰኔ 1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ በሠራዊቱ መካከል የኮሌራ በሽታ ገባ፤ ጦሩ ሰፈሩን ለቆ ወደ ቆራጣ፥ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ሲጓዝ በሽታውን ይዞ በጣና ምሥራቅ ወገን ባለው አገር አለፈ፤ ብዙ ሰውም ረገፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት የበጌምድር ገበሬ የማይረሳው ነው። ንጉሡ የሚገዙት አገር ጠቦ ጠቦ ደብረ ታቦርንና አካባቢውን ያህል ሲቀር፥ ያ ሁሉ ጦር የሚበላው ከዚሁ አገር ሆነ። ገበሬውን ከወታደር እጅ አድናለሁ ብለው የተነሡት ንጉሥ በመጨረሻ ወታደሩን በገበሬው ላይ ለቀቁት። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያኗም ተዘረፉ። በጌምድሮችም ሸፈቱ፤ ከሠራዊቱም ዕለት ዕለት የሚከዳው በዛ። «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» እንደሚባለው እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ እንጂ፥ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግን ታሪክ መናገር አይደለም። በሜዳው ላይ ጎተራው የተራቈተበት ገበሬም እንደ ወታደሩ ሁሉ የአገሩ ልጅ ነበረና።

በዚያው ጊዜ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መንደር እሳት ይነድድ ነበር። አውሮፓውያን ሠራተኞችና ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው መድፍ ያቀልጡ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ የቀረውን ጦራቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ስድስት ወር ፈጀ። ጨጨሆን፥ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እየቈፈሩ፥ ድንጋዩን በባሩድ እያፈረሱ፥ ሴባስቶፖልን ሰው በጠፍር እየጎተተው አለፉ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደ ነበረ በዚያ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። በግራና በቀኝ የሸፈተ አገር ነበር። እንዲህ ባለው ጉዞ የፊታውራሪነት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ አንባቢው ራሱ ሊገምት ይችላል።

በሌላው ወገን ሰር ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከዚያ እጥፍ የሚሆን ተከታይ፥ 44 ዝሆኖችም ይዘው በዙላ ወደብ ወርደው በትግራይ በኩል ይገሠግሡ ነበር። ሁለቱ ጦሮች የተያዩት በሕማማት ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደገምላቸዋል። በ1860 ዓ.ም. ሆሣዕና የዋለው መጋቢት 28 ቀን ነው። በየደብሩ የቆሙት ካህናት ያን ዕለት ሲደግሙ ለማን እንደሚደግሙ አላወቁም። ከአምስት ቀን በኋላ በእሮጌ የሚወድቁት ሰዎች ፍትሐታቸው በቁመናቸው ተፈትቶላቸዋል ማለት ነው።

ሚያዝያ 2 ቀን፥ ጸሎተ ሐሙስ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በቍጣ ላይ ሳሉ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደሉ። በማግሥቱ የስቅለት ዓርብ ከቀትር በኋላ በፈላ ኮረብታ ላይ ሆነው የእንግሊዝ ጦር ከበሽሎ ሲወጣ ተመለከቱ። ከታች በሸለቆው ውስጥ የሚመጣው የበቅሎ ጭነት ጠባቂ የሌለው መሰለ። አለቆቹ እንውረድ ብለው ለመኑ፤ ንጉሡም ጥቂት ካመነቱ በኋላ ፈቀዱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፥ በአገሩ ሁሉ ያለ ክርስቲያን በስግደት ላይ ባለበት ሰዓት፥ ስድስት ሺህ ያህል የሚሆን ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ቍልቍለቱን ወረደ። አለቆቹ ቀይ ልብስ ለብሰው፥ ከፊት ሆነው ይታዩ ነበር። ከኋላቸውም ከኮረብታው ላይ መድፍ ይተኰስ ነበር።

ሆኖም ያ ጭነት ጠባቂ የሌለው አልነበረም። የእንግሊዝ እግረኛ በዚያ ጊዜ አዲስ የነበረውን፥ ከኋላው የሚጐርሰውን የስናይደር ጠመንጃ ይዞ ነበር። የኢትዮጵያው ወታደር ጠመንጃውን በአፈሙዙ አንድ ጊዜ እስኪያጐርስ ድረስ የእንግሊዙ ደጋግሞ ይተኵስ ነበር። የባሕር ኃይል ወታደሮች ደግሞ ሮኬት ያወርዱበት ጀመር። ዝናብና ነጐድጓድም ተጨመረ። የገብርዬ ሰዎች አንድ ጊዜ ተበትነው ሁለተኛ ተሰበሰቡ፤ ወደ ጭነቱም የደረሱት ከሕንድ የመጡት የፑንጃብ ወታደሮች በሳንጃ ገጠሟቸው። ሦስት ሰዓት ያህል ተዋጉ። ጨለማ ሲሆን ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሞተው 1,200 ያህል ቈስለው ነበር። ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ኋላ ሞቱ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከሞቱት መካከል ተገኙ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በኮረብታው ላይ ሆነው የገብርዬን መመለስ እስከ ሌሊት ጠበቁ። መሞታቸውን በሰሙ ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንዳበቃ ዐወቁ። በማግሥቱ ለናፒየር የዕርቅ መልእክተኛ ላኩ፤ ግብር ስለ ጣልኩባቸውና በወታደር ሥርዓት ላሳድራቸው ስለ ፈለግሁ ወገኖቼ ጀርባቸውን ሰጡኝ የሚል ሐሳብ ያለበትም ደብዳቤ አስጻፉ። የታሰሩትን አውሮፓውያን ለቀቁ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግሥት፥ እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ራስ እንግዳ በበሩ ላይ ሲዋጉ ሞቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ላለመስጠት በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሙታናቸውንና ጀግኖቻቸውን እንዴት አሰቡ?

እንግሊዞች ወዲያው ጻፉ። ጦራቸውን የመሩት ሰው «የመቅደላው ናፒየር» የሚል የመኳንንት ማዕርግ ተሰጣቸው። ወደ መቅደላ በር ቀድመው የገቡት ሁለት ተራ ወታደሮች፥ ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ጄምስ በርጊን፥ የቪክቶሪያን መስቀል ኒሻን ተሸለሙ፤ ስማቸውም በመዝገብ ገብቶ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከመቅደላ የወሰዷቸውን የብራና መጻሕፍት እንኳ ቈጥረው መዝግበዋቸዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሲሞት በዊንድዘር ተቀብሮ ስሙ በጽሑፍ ተተከለለት። ከንጉሡ ራስ የተቈረጠው ፀጉርም በለንደን ሙዚየም ተቀምጦ ቈይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

በእኛ በኩልስ? የጀግና ሞት በአገራችን ያለ ክብር ይታለፍ ነበር ለማለት አይቻልም። በበጌምድር የጀግና ለቅሶ ሲሆን ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው መካከል ይዞራል፤ ጋሻው፥ ጦሩና ልብሱ ይታያል፤ አልቃሿ የዋለበትን ሜዳ በየስሙ ትጠራለች፤ ፎካሪው ግዳዩን ይቈጥራል፤ በአርባው ቀን ተዝካሩ ይወጣል። ይህ ታላቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ቀባሪ ይፈልጋል፥ አገር ይፈልጋል፥ ሰላም ይፈልጋል። የእሮጌ ሙታን አርባ የዋለው ግንቦት 12 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን መቅደላ ተቃጥላ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ገና ወደ ባሕር ጠረፍ በመመለስ ላይ ነበር፤ ንጉሡ ሞተዋል፤ አገሩም በሦስትና በአራት ባለ ሥልጣን ተከፋፍሎ ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ከ700 ሰው የሕዝብ አፍ ጎልቶ ይዞ ያቈየው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ይኸውም ገብርዬ የሚለው ነው።

ይህም ስም በከንቱ አልቀረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ስም በተነሣ ቍጥር የገብርዬ ስም ተከትሎ ይነሣል፤ የታማኝ ሎሌ ምሳሌም ሆኗል። በዘመናችንም እነ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፥ እነ ብርሃኑ ዘሪሁን፥ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በተውኔትና በልብ ወለድ ባቀረቡ ጊዜ የዘመኑን ወታደር ለአዲስ ትውልድ አስተዋውቀዋል። የሴባስቶፖል አምሳል በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ እውነተኛው መድፍ በመቅደላ ተቀምጧል። የንጉሡ ሐውልት በጎንደር ይታያል። መድፉ መታሰቢያ አለው፤ መድፉን የጎተተው ሰው ግን የለውም።

እንግዲህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ገብርዬን ስናከብር ከፎገራ ሜዳ የተነጠቀውን እህልና ከብት ረስተን ነውን? ወይስ የገበሬውን በደል ስናስብ የወታደሩን መሥዋዕትነት ልንክድ ነው? ሁለቱም አይገባም። ወታደሩ የታመነው ለሚያውቀው ጌታ ነው፤ የወደቀውም ከባሕር ማዶ ከመጣ ጦር ጋር ፊት ለፊት ሲዋጋ ነው። ይህ ክብር ማንም የማይወስድበት የራሱ ነው። በሌላ በኩል ግን ታማኝነቱ ብቻውን አገር አላዳነም። ያ ጦር በእሮጌ ከመሸነፉ በፊት በገበሬው ልብ ውስጥ ተሸንፎ ነበር። ከብዙ ሺህ ሠራዊት ጥቂቱ ብቻ መቅደላ የደረሰው፥ ናፒየርም በዚያ ሁሉ አገር ሲያልፍ የሚከለክለው ያላገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ገብርዬን የገደላቸው የስናይደር ጥይት ብቻ አይደለም፤ ሳይከፈል የቀረው የወታደር ደመወዝና የተዘረፈው ጎተራም ከገዳዮቻቸው ይቈጠራሉ።

ይህን የምናገረው በተለይ በመሥሪያ ቤት ለምታገለግሉ አንባቢዎች ነው። እናንተ በዘመናችሁ የመንግሥት ፊታውራሪዎች ናችሁ፤ ሕዝቡ የመንግሥትን መልክ የሚያየው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአለቃ መታመን መልካም ነው፤ ነገር ግን ከታች ያለውን ባለጉዳይ ያስቀየመ ታማኝነት ለአለቃው ለራሱ እንደማይበጀው የእሮጌ ታሪክ ያስተምራል። ደመወዝን በጊዜው የሚያደርስ፥ ሒሳብን በትክክል የሚይዝ፥ መዝገብን የማያጠፋ ጸሐፊ በጦር ሜዳ ከሚቆመው ወታደር ጋር አንድ ሥራ ይሠራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ መታሰቢያውም ቢሆን የሚበልጠው ሥራ በድንጋይ የሚሠራው አይመስለኝም። ሐውልት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስሙ ያልታወቀ ሰው ሐውልት ቢቆምለት ምን ተብሎ ይጻፍበታል? ከእሮጌ ወዲህ አገራችን ብዙ ጦርነት አይታለች። ከአድዋ፥ ከማይጨው፥ ከአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን፥ ከኮርያ፥ ከኦጋዴንና ከዚያም በኋላ ከሆነው ሁሉ ልጁን ያላጣ ቀበሌ በፎገራም በሌላውም ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። የብዙዎቹ ስም ያለው በእናቶችና በወንድሞች አፍ ነው፤ አፍ ደግሞ ይዘጋል። ስለዚህ በየወረዳው ያለ ጽሕፈት ቤት፥ በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር፥ በየደብሩ ያለ አለቃ የሞተውን ሰው ስም፥ የአባቱን ስም፥ የተወለደበትን መንደር፥ የዋለበትን ሜዳና የሞተበትን ዓመተ ምሕረት ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጠይቆ በመዝገብ ቢያኖር፥ ይህ ከብዙ ሐውልት የሚበልጥ ተዝካር ይሆናል። ወጪውም አንድ ደብተርና ትዕግሥት ያለው ጸሐፊ ብቻ ነው።

በዚያም መዝገብ፥ ወታደሩን ያበላው ገበሬ፥ በሬውን ያጣው፥ ቤቱ የተቃጠለበት፥ ከሜዳው የተሰደደው ሰው ስም አብሮ ይጻፍ። የ1860 ዓ.ም. ካህናት በሆሣዕና ዕለት ማን እንደሚሞት ሳያውቁ ለሁሉም እኩል ደግመዋል፤ ጸሎታቸው ፊታውራሪውንና ተራውን ሰው፥ የመቅደላን ወታደርና የፎገራን ገበሬ አልለየም። እኛ ደግሞ ማን እንደ ሞተ ዐውቀን ለመጻፍ የምንችል ነንና ከእነሱ ይልቅ ኃላፊነቱ በእኛ ላይ ይከብዳል።